ሰርቨሩ ደሴ፣ ደንበኛው ኮምቦልቻ፦ የራስን ሪሌይ ስለማቆም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከደንበኞቹ ግማሾቹ ግን ኮምቦልቻ ናቸው፤ ፋርማሲዎች፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች፣ ፒችትሪ የሚጠቀሙ የሂሳብ ቢሮዎች። «ጋሼ፣ ለአንድ ፕሪንተር ብዬ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውረድ መውጣት ሰለቸኝ» ይላል። «በነፃ የምጠቀምበት የርቀት ፕሮግራም ደግሞ ለንግድ እየተጠቀምክ ነው እያለ መሃል ላይ ይቆርጠኛል። ረስትዴስክ የሚባለውን የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከራሴ ሪሌይ (አገናኝ) ሰርቨር ጋር ልጠቀም አሰብኩ። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኜ ሰርቨሩን አስነሳሁት። ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ከኮምቦልቻ ግን አይገናኝም። ምን ጎደለ? ደህንነቱስ ያስተማምናል?»

አብሽር ወንድሜ። ሶፍትዌሩን የጫንክበት መንገድ ችግር ያለበት አይመስለኝም። ቢሮ ውስጥ ከሠራ ሰርቨሩ ተነስቷል ማለት ነው። ማስነሳቱማ እዳው ገብስ ነው። ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሊኑክስ ለለመደ ሰው ብዙ አያስቀምጡም። ጣጣው ያለው ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ላይ ነው። ያንተም ችግር እዚያው ነው። ስለዚህ ስለ አጫጫኑ ትንሽ፣ ስለ ቦታው ብዙ እላለሁ።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ። የረስትዴስክ ሰርቨር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ኤችቢቢኤስ፣ ሌላው ኤችቢቢአር ይባላል። ኤችቢቢኤስ ደላላ ነው። የእያንዳንዱን ኮምፒውተር መታወቂያ ቁጥር ይዟል፤ ኮምፒውተሩ አሁን በየትኛው አድራሻ እንዳለም ያውቃል። አንተ የፋርማሲውን ቁጥር ስታስገባ ሁለታችሁን ያስተዋውቅና ዞር ይላል። ትውውቁ ከተሳካ ምስሉ ከፋርማሲው ወደ አንተ ላፕቶፕ በቀጥታ ይመጣል። ሰርቨርህን አይነካም። ሁለቱ በቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው ነው ኤችቢቢአር የሚገባው። እሱ ተሸካሚው ነው። ከአንዱ ይቀበላል፣ ለሌላው ያደርሳል። ሪሌይ የምንለው እሱን ነው።

እኛ አገር ተሸካሚው ሥራ ይበዛበታል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ብዙው ሱቅ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከሞባይል ዳታ ወይም ሲም ከሚገባበት ዋይፋይ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ለእያንዳንዱ ሲም የራሱን ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ከውጭ ኢንተርኔት የሚታይ አድራሻ፣ አይሰጥም። ብዙ ደንበኞችን በጥቂት አይፒዎች በኩል ያወጣል። ሁለቱም ወገን እንዲህ ሲሆኑ ቀጥታ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ያኔ ሁሉ ነገር በሪሌይህ ያልፋል። ይህን ልብ በል፤ ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ስናወራ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አንተ ዴስክቶፕ እንምጣ። የቢሮህን ራውተር ገጽ ክፈትና «ዋን» (የውጭው መስመር) የሚለው ቦታ ላይ ያለውን አይፒ ጻፈው። ቀጥሎ ከዚያው ቢሮ ሆነህ አይፒህን የሚያሳይ ድረ ገጽ ክፈት። ሁለቱን አስተያይ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥሩ ነው፤ ፐብሊክ አይፒው ያንተው ራውተር ላይ ነው። የተለያዩ ከሆኑ ግን ራውተርህ ራሱ ከሌላ ትልቅ ራውተር ጀርባ ነው ያለው። ዋን ላይ በ10 የሚጀምር፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ያለ አድራሻ ካየህ ነገሩ ያለቀለት ነው። ራውተሩ ላይ ፖርት (የመግቢያ በር) ስትከፍት ብትውል ከውጭ የሚመጣው ጥሪ አንተ ጋ አይደርስም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሳምንት ሙሉ ፋየርዎል ሲነካካ ይከርማል። መጀመሪያ ይህችን አንዲት ነገር አይቶ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ባልለፋ።

አይፒው ያንተ ከሆነ የቀረህ ፖርት ማስተላለፍ ነው፤ ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ወደ ዴስክቶፑ እንዲያሳልፍ ማድረግ። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። 21115፣ 21116 እና 21117 በቲሲፒ። 21116 ደግሞ በዩዲፒም ጭምር። ቲሲፒና ዩዲፒ ሁለት የመላላኪያ ስልቶች ናቸው። ጉድ የሚሠራው ይሄ የመጨረሻው ነው። ኮምፒውተሮቹ መታወቂያቸውን የሚያስመዘግቡትና «አለሁ» እያሉ የሚቆዩት በ21116 ዩዲፒ ነው። ብዙ ራውተር ላይ ፖርት ስትጨምር መጀመሪያ የተመረጠው ቲሲፒ ብቻ ስለሆነ ዩዲፒው ይረሳል። ከዚያ በፖርት መፈተሻ ገጽ ስታይ ሁሉም ክፍት ነው ይልሃል፤ ረስትዴስኩ ግን ከታች «ሬዲ» አይልም፣ ሊገናኝ እየሞከረ ይቆያል። መፈተሻ ገጾቹ አብዛኞቹ የሚያዩት ቲሲፒን ብቻ ነው። 21117 የሪሌዩ በር ነው። 21118 እና 21119 በብሮውዘር ለሚጠቀም ሰው ናቸው፤ አንተ አያስፈልጉህም፣ ዝጋቸው። 21114 ደግሞ የሚከፈልበት የፕሮ ሰርቨር ነው፤ እሱንም ተወው።

ሌላም አለ። ዴስክቶፑ ቢሮ ውስጥ ያለው አይፒ የማይቀየር ይሁን። አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሌላ ቁጥር ይወስዳል፤ ራውተሩ የሚያስተላልፈውም ለአንዱ ስልክ ወይም ለፕሪንተሩ ይሆናል። ሊኑክሱ ላይ ያለው ፋየርዎልም እነዚሁኑ ፖርቶች ይፍቀድ። ሰርቨሩን በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ካስነሳኸው ኔትወርኩን «ሆስት» ላይ አድርገው። እንዲያ ካልሆነ ሰርቨሩ የሚያየው የደንበኛውን እውነተኛ አድራሻ ሳይሆን የዶከሩን የውስጥ አድራሻ ነው። ደላላው የተሳሳተ አድራሻ ይዞ ማንን ከማን ያገናኛል?

ስትሞክረው ከቢሮው ዋይፋይ ውጣ። ስልክህ ላይ ዳታ ከፍተህ፣ በስልኩ ሆትስፖት ላፕቶፑን አገናኝተህ ሞክር። ከዚያው ቢሮ ውስጥ ሆነህ በፐብሊክ አይፒው መሞከር ያሳስትሃል። አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ራሱ የሚመለስን ጥሪ አያስተናግድም። ከኮምቦልቻ እየሠራ ከቢሮህ ብቻ እምቢ ካለህ ነገሩ ይሄው ነው። በቢሮ ላፕቶፕህ ሆስትስ ፋይል ላይ የሰርቨሩን ስም ከውስጥ አይፒው ጋር ብትጽፈው ይስተካከላል። ላፕቶፑን ይዘህ ስትወጣ ግን መስመሩን ማጥፋት አትርሳ።

ፐብሊክ አይፒው ያንተ ካልሆነስ? መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ለቢሮው መስመር ቋሚ ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለድርጅት መስመሮች በክፍያ ይሰጣል። ሁለተኛው አገር ውስጥ ካለ ዳታ ሴንተር ቪፒኤስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምትገባበት የኪራይ ሰርቨር፣ መከራየት ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ቴሌክላውድ የሚባል አገልግሎት አለው፣ የግል አቅራቢዎችም አሉ፣ ክፍያውም በብር ነው። ሦስተኛው ውጭ አገር ያለ ቪፒኤስ ነው። እሱ የውጭ ምንዛሬ ካርድ ይፈልጋል።

እኔን ከጠየቅኸኝ ለዚህ ሥራ ቪፒኤስ ተከራይ። አሮጌውን ዴስክቶፕ ለልምምድ አድርገው። ይህን የምለው ዴስክቶፑን ንቄው አይደለም። አቅሙማ ይተርፋል። ሰርቨሩ የሚፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ኮርና 1 ጊጋባይት ራም ያለው ቪፒኤስ ለአንተ ዓይነት ሥራ ይበቃል። የሚያሳስበኝ መብራቱና አፕሎዱ ነው።

መብራቱን አንተው ታውቀዋለህ። ደሴ መብራት ሲጠፋ የኮምቦልቻው ፋርማሲ መብራት ሊኖረው ይችላል። ደንበኛህ ይደውላል፣ አንተም ስልክህን ይዘህ ካፌ ቁጭ ብለህ ልትረዳው ትችል ነበር። ደላላው ግን ቢሮህ ውስጥ ጨልሞበታል። አዲስ ግንኙነት የለም ማለት ነው። ዩፒኤስ አለኝ ትል ይሆናል። ራውተሩስ ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቷል? የብዙ ሰው ራውተር ግድግዳው ላይ ነው የተሰካው። ዴስክቶፑ በርቶ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው። የግድ ቢሮ ላስቀምጥ ካልክ ዴስክቶፑን ተውና ባትሪው የሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልግ። ዩፒኤሱ ከነሆዱ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አስተካክለው፣ ራውተሩን ደግሞ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ስካው። ዴስክቶፑ ላይ ከጸናህ ባዮስ ውስጥ ገብተህ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አድርገው። ይህች ማስተካከያ ባዮሱ ውስጥ ተደብቃ የምትቀር ናት፣ ግን ሌሊት ከመነሳት ታድንሃለች።

አሁን አፕሎዱ። የረስትዴስክ ሰዎች ራሳቸው የሚሰጡት ግምት አለ። በሪሌይ የሚያልፍ አንድ ግንኙነት በሰከንድ ከ30 ኪሎባይት እስከ 3 ሜጋባይት ይወስዳል፤ እንደ ስክሪኑ ስፋትና እንደ እንቅስቃሴው። ለተራ የቢሮ ሥራ 100 ኪሎባይት ገደማ ነው። እናስላው። በሰከንድ 100 ኪሎባይት ማለት በሰዓት 360 ሜጋባይት ነው። ሪሌዩ ይህን ይቀበላል፣ መልሶም ይልካል። ስለዚህ በሰርቨርህ መስመር ላይ 360 ይገባል፣ 360 ይወጣል። የቢሮህ አፕሎድ 2 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ 250 ኪሎባይት ነው። ሁለት ደንበኛ ትይዛለህ፣ ሦስተኛው ሲመጣ ሁሉም ይንቀረፈፋሉ። ያውም ያን ሰዓት ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ እየጫነ ካልሆነ ነው።

እዚህ ላይ የደንበኛውን ኪስ አትርሳ። ፋርማሲው በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀም ከሆነ ያ 360 ሜጋባይት ከእሱ ፓኬጅ ነው የሚሄደው። ሰዓት ሙሉ ተገናኝተህ ስትጨርስ «ኢንተርኔቴ አለቀ» ቢልህ ቅር እንዳይልህ። ከመጀመሪያው ንገረው። ከዚያ ቆጥብለት፤ የምስሉን ጥራት ወደ ፍጥነት የሚያደላው ላይ አድርግ፣ የፍሬም ቁጥሩን ቀንስ፣ የደንበኛውን የዴስክቶፕ ፎቶ እንዳያመጣ አጥፋው። ኮዴኩንም፣ ምስሉን የሚጨምቀውን ዘዴ፣ እይ። ኤቪ1 ዳታ ይቆጥባል፣ ግን ፕሮሰሰሩን ያደክማል። የሱቅ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያንን መርጠህ ሲጎተት ብታየው ጥፋቱ የኢንተርኔቱ አይደለም። ቪፒ8 ሞክር።

የውጭ ቪፒኤስስ? ይሠራል፣ ግን አስበው። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቨሩ ጀርመን ከሆነ የማውስህ አንዲት ጠቅታ አውሮፓ ደርሳ ነው ኮምቦልቻ የምትገባው። ከእኛ አውሮፓ ደርሶ መልስ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ በሁለት እጅ ሲሆን መዘግየቱ በዓይን ይታያል። ቁልፍ ለመጫንና ፕሪንተር ለማስተካከል ይቻላል። ፒችትሪ ውስጥ ረጅም ዝርዝር ወደ ታች ስትጎትት ግን ትበሳጫለህ። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ከዚህ በብዙ ይሻላል።

የትም አስቀምጠው፣ አንድ ነገር ግን ለምኜሃለሁ። ደንበኞችህ ላይ አይፒ አትጻፍ። ስም ጻፍ። አንድ ዶሜይን ግዛ፣ ከሱ ሥር ለሪሌዩ የሚሆን ስም አውጣ፣ ያንን ስም ወደ ሰርቨሩ አይፒ አመልክተው። ዛሬ ቢሮ፣ ነገ ቪፒኤስ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቪፒኤስ ብትሄድ ዶሜይኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ትቀይራለህ። አይፒ ጽፈህ ከሆነ ሁሉንም ሱቅ መዞር ነው። ያውም የርቀት መገናኛህ በተቋረጠበት ሰዓት፣ በእግርህ። ሐረጎን ሸሽተህ ሐረጎ ላይ ነው የምትወድቀው።

ከስሙ ቀጥሎ ቁልፉ ነው። ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ሁለት የቁልፍ ፋይሎች ይፈጥራል፤ ስማቸው ውስጥ 25519 የሚል ቁጥር ታያለህ። በ«ፐብ» የሚያልቀው ለደንበኞች የሚሰጠው ነው። ሌላው የግል ነው፣ ከሰርቨሩ አይወጣም። አይወጣም ስልህ ኮፒ አይኑረው ማለቴ አይደለም። ሁለቱንም ፋይሎች ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ቆልፍባቸው። ሰርቨሩ ቢቃጠል ወይም ቤት ብትቀይር እነዚህን አዲሱ ላይ ካስቀመጥክ ደንበኞችህ ምንም ሳያውቁ ይቀጥላሉ። ከጠፉ ግን አዲስ ቁልፍ ይፈጠራል፣ የሁሉም ደንበኛ ኮምፒውተር ቁልፉ አይገጥምም ይላል። ያኔም ዙረት ነው።

ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የሚሞላው ቀላል ነው። ረስትዴስክ ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ ትገባለህ። አይዲ ሰርቨር የሚለው ላይ ስሙን፣ ኪ የሚለው ላይ የፐብ ፋይሉን ይዘት ታስገባለህ። ሪሌይ የሚለውን ባዶ ብትተወው ከአይዲ ሰርቨሩ ራሱ ይረዳዋል። ኤፒአይ የሚለው ባዶ ይሁን። ቁልፉን በስልክ አታስጽፍ። አርባ አራት ፊደል ነው፣ መጨረሻው ላይ የእኩል ምልክት አለው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ያንን የእኩል ምልክት ነው። ትልቁን አይና ትንሹን ኤልም በስክሪን መለየት ከባድ ነው። በቴሌግራም ጽሑፍ ላክ፣ ኮፒ ያድርጉት። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ካንተ ኮምፒውተር የሰርቨሩን ማስተካከያ ኤክስፖርት ማድረግ ነው። አንድ ረጅም ጽሑፍ ይሰጥሃል፣ ደንበኛው ኢምፖርት ሲል ሁሉም ቦታው ላይ ይቀመጣል። ፋርማሲስቷ ይህን ያህል ትችላለች፤ አትናቃት።

ፕሮግራሙን ኢንስቶል አድርገው እንጂ እንዲሁ ከፍተህ አትተወው። ሳይጫን ሲሠራ ዊንዶውስ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቅበት መስኮት ሲመጣ አንተ መንካት አትችልም። ደንበኛው ካለ እሱ ይጫንልሃል፤ ከሌለ ተቀርቅረህ ትቀራለህ። ከተጫነ ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የደንበኛው ኮምፒውተር ለምሳ ሲሄዱ እንዳይተኛም የኃይል ማስተካከያውን እይ። «ኦፍላይን ነው» ብሎ ከሚመልስህ ውስጥ ብዙው የተኛ ኮምፒውተር ነው።

ይህችን ደግሞ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። የሂሳብ ቢሮዎቹ አማርኛ በፓወር ግዕዝ ይጽፋሉ። አንተ ከዚህ ሆነህ ስትጽፍላቸው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ያንተን ፓወር ግዕዝ አጥፋ። ሁለቱም ከበሩ አንዱ በሌላው ላይ ይጽፋል። ከዚያ ረስትዴስክ ውስጥ ስትገናኝ ከላይ ካለው መሣሪያ አሞሌ የኪቦርድ ሁኔታውን «ማፕ» ላይ አድርገው። ማፕ ያንተን ቁልፍ አቀማመጥ እንዳለ ያሻግራል፤ ፊደሉን የሚተረጉመው የደንበኛው ኮምፒውተር ነው። «ትራንስሌት» የሚለው ግን ፊደሉን ካንተ ዘንድ ተርጉሞ ነው የሚልከው፤ የደንበኛው ፓወር ግዕዝ የሚይዘው ነገር አያገኝም። በማፕ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

ወደ ደህንነቱ። የራስህ ሪሌይ መኖሩ ብቻውን ደህንነት አይደለም። ሪሌዩን ሰው ሰብሮ ቢገባበት እንኳ፣ ቁልፉ በትክክል ከተሞላ፣ የሚያልፈው ተመስጥሮ ነው። ስትገናኝ ከላይ ያለችውን የጋሻ ምልክት ማውሱን አስጠግተህ እያት። ግንኙነቱ ቀጥታ ነው ወይስ በሪሌይ፣ የተመሰጠረ ነው ወይስ አይደለም፣ ትነግርሃለች። ያልተመሰጠረ ካለችህ ቁልፉ የሆነ ቦታ ቀርቷል። ሰርቨሩንም ያለ ቁልፍ ማንንም እንዳያስተናግድ አድርገህ አስነሳው። አለበለዚያ አድራሻውን ያገኘ ሰው ሁሉ ባንተ ኢንተርኔት ይገለገላል።

የሚያስፈራኝ ፓስወርዱ ነው። ለሁሉም ሱቅ አንድ ቋሚ ፓስወርድ የሚያደርጉ ጠጋኞችን አውቃለሁ፤ አንዳንዱ የሱቁን ስልክ ቁጥር ነው የሚያደርገው። አንዱ ከታወቀ ሁሉም ተከፈተ። ለእያንዳንዱ የተለየና ረጅም አድርግ፣ በፓስወርድ ማኔጀር ያዘው። ነፃው ሰርቨር የደንበኛ ዝርዝርም የተጠቃሚ መለያም አይሰጥህም፤ ያ በሚከፈልበት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን አንተው መያዝ አለብህ። ባለቤቱ ሁሌ ኮምፒውተሩ ፊት ለሚቀመጥበት ሱቅ ደግሞ ቋሚ ፓስወርድ ጭራሽ አታድርግ። ጥሪው ሲመጣ እሱ ራሱ «ተቀበል» ብሎ ይጫን። ቋሚውን ማታ ለምትሠራባቸው፣ ባለቤቱ ለፈቀደልህ ብቻ አድርገው።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አለው፤ ክፈተው። አንድ ጣጣ ግን ትገጥምሃለች። ኮዱ በሰዓት ነው የሚሰላው። የባዮስ ባትሪው ያለቀ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ትክክለኛውን ኮድ ብታስገባም ስህተት ነው ይልሃል። ባትሪዋን ቀይርላቸው። ፒችትሪውም በዚያ ቀን ላይ ከመመዝገብ ይድናል።

ፈቃዱን በጽሑፍ ያዝ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። አንተ ተጠርተህ ነው የምትገባው፣ ግን ከጊዜ በኋላ የሆነ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው የርቀት መግቢያ ያለው ሰው ነው። የትኛው ኮምፒውተር፣ ለምን ሥራ፣ ቋሚ ፓስወርድ ይኑር አይኑር የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈርሙህ፣ አስፈርማቸው። ከመግባትህ በፊት የባንክ ገጽ የተከፈተ ካለ እንዲዘጉ ንገራቸው። ደግሞ ከባንክ ነን፣ ከቴሌ ነን እያሉ ደውለው የርቀት ፕሮግራም የሚያስጭኑ አጭበርባሪዎች አሉ። ደንበኞችህ በርቀት መግባቱን ከለመዱ ለአጭበርባሪዎቹም ይመቻሉ። «እኔ ከዚህ ስልክ በቀር አልደውልም፣ ሌላ ሊንክ ከመጣ አትክፈቱ» በላቸው። ዊንዶውስ አንዳንድ ጊዜ ረስትዴስክን የሚጠረጥረውም በነዚሁ ሰዎች የተነሳ ነው። ፕሮግራሙን ከራሱ ኦፊሴላዊ ገጽ ብቻ አውርድ። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን አትንካ።

ስለ ሌሎች አማራጮች ብዙ አልልም። ሜሽሴንትራል የሚባል አለ፤ በብሮውዘር ነው የሚሠራው፣ ለብዙ ኮምፒውተርና ለብዙ ባለሙያ ይሻላል። አንተ ብቻህን ስለሆንክ ረስትዴስክ ይበቃሃል። ደንበኛው እዚያው ያንተው ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሰርቨርም አያስፈልግም፤ በአይፒ ቀጥታ መግባት ይቻላል።

እኔ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ዛሬ የዋኑን አይፒ አያለሁ። የእኔ ካልሆነ ለአንድ ወር ትንሽ ቪፒኤስ እከራያለሁ። ዶሜይኑን ገዝቼ አመለክተዋለሁ። ከዴስክቶፑ ላይ ሁለቱን የቁልፍ ፋይሎች አዛውራለሁ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ብቻ፣ ቅርብ ያለውንና የማይቆጣውን፣ አገናኛለሁ። እሱ ያለ ጭቅጭቅ ከሰነበተ ሌሎቹን እጨምራለሁ።

ካልሠራልህ የራውተሩን ሞዴል፣ ዋን ላይ ያየኸውን አይፒ የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች፣ እና ረስትዴስኩ የሚያሳይህን መልእክት እንዳለ ላክልኝ። ሙሉውን አይፒ አትላክ። በ«ፐብ» የማያልቀውን ፋይል ደግሞ ለእኔም ቢሆን እንዳትልክ።